ማይኩ ፊት

ዛሬ ደሴ፣ ሆጤ ስታዲየም ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ማዶ ያለው መስመር ጠፋ። የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን በድምፅ የሚያስተላልፍ ሰው የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ዓይኑ ከሜዳው ይልቅ ሞኒተሩ ላይ መሆን አለበት፤ ተመልካቹ የማያየውን ካወራ ተጣሉ።

የአሰላለፍ ወረቀቱ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ይደርሳል። ያኔ 22ቱንም በአንድ ወረቀት ላይ በሚሰለፉበት ቦታ ማስፈር ነው። ቁጥር በጭቃ ይሸፈናል፣ አሯሯጥ ግን አይሸፈንም። የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ ስም ነው፦ በሁለቱም ቡድን አቤል ካለ የአባት ስም ግድ ይላል።

ኳስ መረብ ስትነካ «ጎል!» ከማለት በፊት የረዳት ዳኛውን ባንዲራ ማየት። ግማሽ ሰከንድ ናት፣ ግን ስንቱን አዋርዳለች! ጎሉ ከጸደቀ በኋላ ዝም ማለት፤ የደጋፊው ጩኸት ይሰማ። በጆሮ ማዳመጫው ዳይሬክተሩ «ድጋሚ ምስል እየመጣ ነው» ይላል፤ እሱን እየሰሙ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ሬዲዮ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳሷ የት እንዳለች ካልተነገረው አድማጭ ጨለማ ውስጥ ነው።

ውኃ? ለብ ያለ። በደሴ ብርድ ቀዝቃዛ ጠጥቶ 90 ደቂቃ መጮህ አይሞከርም።