የሃምሳ ሰው ድምፅ

ዛሬም ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ እስከ ቀትር ድረስ አልተነሣም። እንዲህ ባለው ቀን ደሴ ራሷ የተኮሳተረች ይመስለኛል። አንዲት የማውቃት ሴት ደግሞ ማታ ደውላ ያሰበችውን ሁሉ ተናግራ ስልኩን ዘጋችው። መልስ ነበረኝ፤ ከጉሮሮዬ አልወጣም። በኋላ ለግድግዳው በዝርዝር ነገርኩት።

ሆድ ሲብሰኝ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ልማዴ ነው፤ ታውቁኛላችሁ። ዓይኔ ስቴንቶሪያን የምትል የእንግሊዝኛ ቅጽል ላይ አረፈች። አደባባይ ለሚሞላ ድምፅ ይሏታል፤ በተለይ ለሰው ድምፅ። ነጎድጓድን ወይም የመኪና ጡሩንባን እምብዛም አይገልጹባትም። ለጦር አዛዥ፣ ለሰባኪ፣ ለአዋጅ ነጋሪ ግን ትስማማለች። የወጣችው ስቴንቶር ከሚባል ሰው ስም ነው፤ በትሮይ ጦርነት ከግሪኮች ወገን የነበረ። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለዚያ ጦርነት በሚተርከው በኢሊያድ አምስተኛ መጽሐፍ ላይ ድምፁ የሃምሳ ሰው ያህል ነበር ይላል።

ሃምሳ ሰው! እርሳስ አንሥቼ ማስላት ጀመርኩ። ሃምሳ ሰው በአንድነት ሲጮህ ከአንዱ የሚበልጠው ዴሲቤል በሚሉት የድምፅ መለኪያ በ17 ገደማ ነው። ጆሮ ደግሞ ስስታም ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመርለት ገና እጥፍ ሆነ ይላል። ስለዚህ ስቴንቶር አጠገቡ ለቆመ ሰው ከተራው ጩኸታም ሦስት እጥፍ ቢጎላ ነው። በርቀትም ቢሆን ሰባት እጥፍ ያህል ብቻ ይሄዳል፤ የአንዱ ጩኸት 200 ሜትር ከደረሰ የእሱ 1,400 ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሙ የተነሣው ለዚህች ነው?

አያቴ በወረኢሉ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ መዳፎቹን በአፉ ዙሪያ አጥፎ፣ ከገደል ማዶ ያለውን ሰው ሲጣራ እሰማው ነበር። የስሙን መጨረሻ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከማዶ ቀጭን «አቤት» ይመጣል። ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚጣራው። «ፀሐይ ድምፅ ትበላለች» ይለን ነበር። እውነቱን ነው። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ፣ ሞቅ ያለው ከላዩ ሲሆን፣ ወደ ላይ የተነሣ ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፍና ማዶ ሳይደርስ ይቀራል። ስቴንቶር ይህን ያውቅ እንደሆነ ሆሜር አልጻፈልንም።

ለነገሩ ሆሜር ስለ ሰውየው የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም የጮኸው እሱ አይደለም። ሄራ የተባለችው አምላክ የእሱን መልክ ይዛ ግሪኮቹን ለመስደብ ነው የተገለጠችው፤ መልካችሁ ያማረ፣ ሥራችሁ የሚያሳፍር እያለች። ስቴንቶር ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ኋላ ላይ የመጣ ተረት ደግሞ ከአማልክቱ አዋጅ ነጋሪ ከሄርሜስ ጋር በጩኸት ተወዳድሮ ተሸነፈና ሞተ ይላል። ምን ብሎ እንደጮኸ አልተነገረም። (በኩሬ ውስጥ የሚኖር፣ ጡሩንባ የመሰለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረትም በስሙ ይጠራል። ድምፅ የሚባል ነገር የለውም።) የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትልም ከተማ ከልክ በላይ እንዳይሰፋ ሲመክር፣ የስቴንቶር ድምፅ ከሌለው በቀር ማን አዋጅ ሊነግርበት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ ደሴ ከፒያሳ ብዙም ሳትርቅ ታበቃ ነበር።

ወደ እድራችን ጡሩንባ ነፊ የወሰደኝ ይህ ነው። ገና ሳይነጋ ሰፈሩን በአንድ ድምፅ ከአልጋ የሚያስነሣ ሰው ነው። የማን እናት፣ የማን ልጅ እንዳረፈ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ከእሱ አፍ ያልሰማ የለም። በእድር ስብሰባ ግን በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ባለፈው ስለ ድንኳን መግዣ ሲወራ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ዘግይተው አዩትና ዕድል ሰጡት። ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ማንም አልሰማም። «ጋሼ፣ ጎላ አድርገው እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ «አይ፣ ይቅር» ብለው ተቀመጡ። ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ ድንኳኑም ተገዛ።

እኔም እንደ ሌላው ሳቅሁ። እኔ ማለት በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ሁሉ የኃላፊውን ንግግር እንዳነብ የምመረጠው ሴት ነኝ። ድምፅሽ አዳራሽ ይሞላል ይሉኛል፤ ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ድምፄ ይሰማል። ባለፈው እንዲሁ አንብቤ፣ ተጨብጭቦልኝ ስመለስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ጉሮሮዬን ስጠርግ ሸዋበርን አለፍን። ረዳቱ ሒሳብ ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርኩ።