የሂና ቀለምን ቆዳዬን ሳልጎዳ ያስለቀቅኩበት መንገድ

ሂና በሳሙና ታጥቦ አይለቅም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ላውሶን የሚባል ቀለም ቆዳችን ላይ ካለው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ደግነቱ የሚይዘው ላይኛውን የሞተ ቆዳ ብቻ ነው። ያ ቆዳ ደግሞ በራሱ ጊዜ ተራግፎ ያልቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ። ስለዚህ ቀለሙን ከመታገል ይልቅ ቆዳዬ ቶሎ እንዲራገፍ ማገዝ ነበር ሥራዬ።

ማታ ማታ እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። የጣቶቼ ጫፍ ሲጨማደድ አውጥቼ በፎጣ መታ መታ አደርጋለሁ። ከዚያ ደቀቅ ያለ ስኳር በወይራ ዘይት ለውሼ፣ በጣቴ እያዞርኩ ቀስ ብዬ አሻለሁ። ቆዳው ቀላ ማለት ከጀመረ ወዲያው አቆማለሁ። ታጥቤ ስጨርስ ቅባት በደንብ እቀባለሁ፣ ምክንያቱም የደረቀ ቆዳ ሲታሽ ቶሎ ይቆስላል።

መጀመሪያ የደበዘዘው የእጄ ጀርባ ነው። ቡናማው ወደ ብርቱካንማ ሄደ፣ ቀጥሎ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። መዳፌ ላይ ያለው ግን አልለቅ አለ። እዚያ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ጥፍር ላይ ያለውስ? እሱን ተዉት። ጥፍር ራሱ ኬራቲን ነው፤ አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው ያለው።

በረኪና በፍጹም አትንኩ። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳም ብዙ ሰው ይመክራል፣ እኔ ግን አልደፈርኩም። ሁለቱም ቆዳን ይቆጠቁጣሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትማ ቆዳን አቃጥሎ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ ስኳሩንም ተዉት፤ ዘይት ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከመጀመሪያው ጥቁር የሆነው «ጥቁር ሂና» ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል አለበት። እሱ ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ በጭራሽ አትሹት። በውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ ከዚያ በኋላም ያ ሰው የፀጉር ቀለም በተቀባ ቁጥር አለርጂው ሊነሳበት ይችላል።