ስጋት ይይዛል፣ አደጋ ይደርሳል፣ ሪስክ ይወሰዳል

የሶሲዮሎጂ ማስተርሴን ስማር ስለ ዘመናዊነትና ስለ ስጋት ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ረቂቄ ውድቅ ሆነ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ስለ ዘመናዊ ስጋት የጻፈውን የጀርመናዊውን ሶሲዮሎጂስት የኡልሪሽ ቤክን መጽሐፍ ሳልከፍት ማጠቃለያ ለቃቅሜ፣ «ቤክ እንደሚለው ዓለም ከድሮው ይልቅ አደገኛ ሆናለች» ብዬ ጀመርኩ። አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ጻፈችልኝ፦ «ታዲያ በወረርሽኝ ያለቀው የድሮ ሰው ሰላም ነበር?»

መልስ አጣሁ። እያፈርኩ ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ።

ቤክ ያለው ሌላ ነው። ድሮ የሚፈራው ድርቅ፣ ጎርፍና ወረርሽኝ ነበር። ዛሬ ከምንፈራው ብዙው የገዛ ስኬታችን የወለደው ነው። ለምሳሌ የአየር ንብረት ለውጥ የመጣው ፋብሪካው ስለተበላሸ አይደለም፤ ስለሠራ ነው። ከዚህም ብዙው በዓይን አይታይ፣ አይሸት። መኖሩን ለማወቅ እንኳ ባለሙያ ያስፈልገናል። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986፣ የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ በፈነዳበት ዓመት ነው። ቤክ ጽሑፉን ጨርሶ ስለ ነበር ስለ ፍንዳታው የጻፈው በመቅድሙ ላይ ነው።

ይሄ ገብቶኝም የመጽሐፉ ዋና ቃል፣ እንግሊዝኛው «ሪስክ» የሚለው፣ በአማርኛ ልጽፈው ስል አስቸገረኝ። «ስጋት» ስል ፍርሃት ይመስላል። «አደጋ» ስል ደግሞ የመኪና ግጭት ትዝ ይለኛል። አንድ ማታ ግሶቹን መመልከት ጀመርኩ። ስጋት ይይዘናል። አደጋ ይደርስብናል። «ስጋት ወሰድኩ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። «ሪስክ ወሰድኩ» ነው የሚባለው። ወሰድኩ! ማለትም የወሰነ ሰው አለ። ሌላው ጀርመናዊ ሶሲዮሎጂስት ኒክላስ ሉማን ብዙ ገጽ የፈጀበት ልዩነት ይሄው ነው፦ ጉዳቱን የራስ ውሳኔ ካመጣው ሪስክ፣ ከውጭ ከመጣ አደጋ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይብሳል። ለወሳኙ ሪስክ የሆነው ነገር፣ ውሳኔው ለሚያርፍበት ሰው አደጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ቲዎሪ በቲዎሪ ላይ መደርደሬን ተውኩና አንድ ታሪክ ይዤ ቁጭ አልኩ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ከምብሪያ፣ የበግ አርቢዎች አሉ። ከቼርኖቤል በኋላ ጨረር ያዘለ ዝናብ ዘነበባቸውና በጎቻቸውን እንዳይሸጡ ታገዱ። ባለሙያዎቹ እገዳው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው አሉ። ስሌታቸው ግን ለሸክላማ አፈር የሚሆን ነበር፤ እሱ ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አጥብቆ ይይዛል። የተራራው አፈር ደግሞ አሲዳማ ስለሆነ ሲዚየሙ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ በጉ ይመለሳል። በብሪታንያ የመጨረሻው እገዳ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሦስት ሳምንት ተብሎ! ይህን ያጠናው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ብራያን ዊን አርቢዎቹ ሳይንስ ጠልተው እንዳልነበር ያሳያል። ያናደዳቸው ስለ ገዛ ተራራቸው የሚጠይቃቸው መጥፋቱ ነው።

እንግሊዛዊው ሶሲዮሎጂስት አንቶኒ ጊደንስ የገባኝም በዚህ በኩል ነው። ዘመናዊ ኑሮ የማናውቃቸውን ባለሙያዎች አምኖ መኖር ነው ይላል፤ አውሮፕላን ስንሳፈር አብራሪውን አንመረምረውም። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን እምነቱ አንዴ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ከእሱ ይልቅ በጎቹ አስተማሩኝ።

ከቤክ ጋር የተጣላሁት «ድህነት ደረጃ አለው፣ ጭስ ግን ዴሞክራሲያዊ ነው» በሚለው አባባሉ ነው። ጭሱ ለሁሉም ይደርሳል፣ እሺ። ገንዘብ ያለው ግን ማጣሪያ ይገዛል፣ ሰፈር ይቀይራል። ራሱ ቤክም ስጋት ከታች ባሉት ላይ እንደሚከማች በዚያው መጽሐፍ ጽፏል፤ እኛ ግን አጭሯን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ይዘን የምንዞረው። ማጠቃለያ ለቅሜ ብቀር ኖሮ ይሄም ያመልጠኝ ነበር።

ሁለተኛው ረቂቅ አለፈ። «ሪስክ» የሚለውን ቃል እንዳለ ትቼው ስለ ነበር አስተማሪዬ አክብባበት «አማርኛ የለውም?» ብላ ጻፈች። ሄጄ ስለ ሦስቱ ግሶች ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ክቡን ሰረዘችው።