17ቱ ግመሎች እና «ከበደ አለ አለ»

«እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግን ሰዎች የጨዋታውን ሕግ እናውቀዋለን። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ጥቂት ከተኩራራ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። መልሱ በምን መንገድ እንደሚገኝ የሚጠይቅም ሆነ የሚያስረዳ አልነበረም፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረውም ይኸው ነው፤ አንድ ሙሉ አገር ከፍሎ መልስ ብቻ ይዞ መመለስ ኪሳራ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእኅቴ ልጅ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንቆቅልሽ እንድጠይቃት ስትለምነኝ፣ በመጀመሪያ ያነሣሁላት ብዙ አገር የዞረውን የግመሎች ጥያቄ ነበር። አንድ አባት 17 ግመሎች ትቶ ሲሞት ለታላቁ ልጁ ግማሹ፣ ለመካከለኛው ሲሶው፣ ለታናሹ ደግሞ ከዘጠኝ አንዱ እጅ እንዲደርሳቸው ተናዘዘ፤ ግመል ሳይታረድ እንዴት ይካፈሉ? ልጅቱ ጥያቄውን ቀድሞ ሰምታው ኖሮ ሳትተነፍስ መለሰችው፦ አንድ ሽማግሌ የራሱን ግመል ጨምሮ 18 ያደርጋቸዋል፤ ታላቁ 9፣ መካከለኛው 6፣ ታናሹ 2 ይወስዳሉ፤ ይህ ሲደመር 17 ስለሚሆን ሽማግሌው ግመሉን እየሳበ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ታዲያ የሽማግሌው ግመል ምን ሠራ?» ብዬ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። ወረቀት አመጣን።

ነገሩ የሚፈታው ከኑዛዜው ቃል ነው። የቀድሞውን የመሬት ሥርዓት የሚገልጸው «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው አባባል ሦስት ሲሶ ስለሆነ አንዱን ሙሉ ይሞላል፤ የሚተርፍ መሬት የለም። የአባትየው ኑዛዜ ግን እንደዚያ አይደለም። የክፍልፋዮቹን ታህት ወደ 18 ስናመጣው ግማሹ 9/18፣ ሲሶው 6/18፣ ከዘጠኝ አንዱ ደግሞ 2/18 ይሆናል፤ ድምሩም 17/18 ነው። ስለዚህ አባትየው ከሀብቱ አንድ አሥራ ስምንተኛውን ለማንም ሳይናዘዝ ነው የሞተው፤ ጥያቄውን የሚጠይቁ ሰዎች ይህን ጉድለት ሳያነሡት ስለሚያልፉ እኛም ልብ ሳንለው እናልፋለን።

በኑዛዜው ቃል ብቻ ብንሄድ ለታላቁ የሚደርሰው 8 ተኩል ግመል ነበር፤ 9 አገኘ። ለመካከለኛው 5 ከሁለት ሦስተኛ ነበር፤ 6 አገኘ። ለታናሹም 1 ከስምንት ዘጠነኛ ነበር፤ 2 አገኘ። የእያንዳንዳቸው ትርፍ ሲታይ ለታላቁ የአንድ ግመል ግማሽ፣ ለመካከለኛው የአንድ ግመል ሲሶ፣ ለታናሹ የአንድ ግመል አንድ ዘጠነኛ ነው፤ እያንዳንዱ ከ18ኛው ግመልም በኑዛዜው መጠን ደርሶታል ማለት ነው። ሽማግሌው ባይመጣ እንኳ ወንድማማቾቹ የተረፈውን በዚያው ኑዛዜ እንደገና ቢካፈሉት፣ ከዚያ የሚተርፈውንም ደግመው ቢካፈሉት፣ የታላቁ ድርሻ ከ8.5 ወደ 8.97፣ ከዚያም ወደ 8.998 እያደገ ወደ 9 ይጠጋል። የሽማግሌው ግመል ያን ማለቂያ የሌለው ክፍፍል በአንድ ጊዜ ጨረሰው። ልጅቱ 8.998ን ራሷ አስልታ ስታገኘው ያሳየችው ፈገግታ ቡናውን ሁሉ አስረስቶኛል።

ከቁጥር ወደ ቃል ስንዞር የኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን በምልክት አለመለየቱ ለእንቆቅልሽ ጠያቂ የተመቸ ነው። «ዶሮው ይበላል» የሚለው ጽሑፍ ዶሮው እየጫረ ይሁን ወይስ ድስት ውስጥ ይሁን አይናገርም። እኔ ግን ያቀረብኩላት የምወደውን፣ ያዘጋጀሁትም ራሴ የሆንኩትን ጥያቄ ነበር፤ «ከበደ አለ አለ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በስንት መንገድ ይነበባል?

ወዲያው «አራት» አለች፤ እያንዳንዱ «አለ» ሊጠብቅም ሊላላም ስለሚችል ሁለት በሁለት ተባዝቶ አራት ይሆናል ብላ ነው። አራት የእኔም መልስ ነበር፤ አካሄዷ ግን ስሕተት ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ የመጨረሻው «አለ» ጠብቆ ከተነበበ የቀደሙት ቃላት የሚያርፉበት አጥተው ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ይሰበራል። የመጨረሻው እንግዲህ መላላት አለበት። የፊተኛው ሊጠብቅም ሊላላም ይችላል፤ ይህ ሁለት ነው። ሌላው ሁለት የሚመጣው ከበደ ተናጋሪው ነው ወይስ የሚወራበት ከሚለው ነው። የፊተኛው ሲጠብቅ፣ ወይ አንድ ሰው «ከበደ እዚህ ይገኛል» ብሏል፤ ወይ ባለሱቁ ከበደ ራሱ ስኳር መኖሩን ተናግሯል። ሁለቱም ሲላሉ፣ ወይ አንድ ሰው «ይህን ያለው ከበደ ነው» ብሏል፤ ወይ ከበደ «ያለውስ ሌላ ሰው ነው» ብሏል። አራቱ እነዚህ ናቸው፤ እሷ ከቆጠረቻቸው መካከል ሁለቱ ወድቀው በሌሎች ሁለት ተተክተዋል። ቁጥሩ ያው ሆኖ የተቆጠረው ነገር መለየቱን ሳስረዳት ራሴን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ ግን ወረቀቱን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ከበደ እኮ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቦርሳም ከበደ ይባላል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስሙና ግሡ በጽሑፍም በንባብም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ «ቦርሳው ከበደ» ብሎ ሲያማርር ሌላው ሰምቶ ቢያወራው፣ ያም «‹ከበደ› አለ» አለ ነው። ሁለቱም «አለ» ይላላሉ፤ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ከበደ የሚባል ሰው ጠፍቷል። የፊተኛው «አለ» ቢጠብቅ ይህ ንባብ አይሠራምና በዚህ መንገድ የሚጨመረው አንድ ብቻ ነው። ለዓመታት አራት ነው እያልኩ ሰው የረታሁበት ጥያቄ መልሱ አምስት ሆነ።

«አገር ይስጡኝ» አለች። ሐረርን ሰጠኋት። ጎንደርን ግን ስድስተኛ ንባብ ከነማስረጃው ለሚያመጣ ሰው አቆይቻታለሁ።