መብራት ሲሄድ የሚመጣ ዋይፋይ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ያገለገለች ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ባትሪዋ የሞተ። ቻርጀሩ ከተነቀለ እዚያው ድርግም ትላለች። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜባት ዋይፋዩ ያለ ምንም ጣጣ ያዘ። ማታ አጥፍቼ ቻርጀሩን እነቅላለሁ፣ ጠዋት እሰካለሁ። ሳምንት እንዲህ ሄድን።

አንድ ምሽት አፕዴት ጨርሳ ሪስታርት አድርገኝ አለች። አደረግኳት። ስትነሳ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ኔትወርክ አጣች ማለቴ አይደለም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ከቦታው ጠፍቷል።

ጥፋቱን አፕዴቱ ላይ ደፈደፍኩት። ስልኬን በዩኤስቢ ሰክቼ ኢንተርኔት አገኘሁና እስከ እኩለ ሌሊት ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሳወጣና ሳስገባ አመሸሁ። የድሬ ሙቀት ከላይ፣ ላፕቶፗ ከሥር። ምንም የለም። ደክሞኝ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍታት ዋይፋዩ ቁጭ ብሏል! የሌሊቱ ሥራዬ ነው ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ። ደግሞ ሪስታርት ሳደርግ ጠፋ። ይሄ ነገር ሦስቴ ተደጋገመ። ሦስቱንም ጊዜ የተለየ ነገር ነበር የነካካሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ምስጋናውን የወሰደው መጨረሻ ላይ የነካሁት ነው።

ነቄ ያደረገኝ መብራት ነው። ዋይፋዩ በጠፋበት፣ እኔ እየተራገምኩ ሳለሁ መብራት ሄደ። ላፕቶፗም አብራ ሄደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ከፈትኳት። ዋይፋዩ አለ። አቦ፣ ምንም አልነካሁም እኮ!

ያኔ ነው በወጉ መጻፍ የጀመርኩት። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ፣ ውስጧ ያሉትን ካርዶች የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይ የሚባል ትእዛዝ ቁጥር እንዲያሳይ አድርጌ፣ ከሪስታርት በፊትና በኋላ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ሲሠራ የአምራቹ ቁጥር 168ሲ፣ የዋይፋይ ካርዱ ደግሞ 002ቢ ነው፤ አቴሮስ የተባለው አምራች ኤአር9285 ካርድ ማለት ነው። ሲጠፋ 168ሲ እንዳለ ሆኖ 002ቢ ወደ ኤፍኤፍ1ሲ ተቀይሯል፤ ስሙም የሌላ የድሮ አቴሮስ ካርድ ሆኗል። ያው ካርድ፣ ሌላ ታርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ላይ ኢኢፕሮም የምትባል ትንሽ ማስታወሻ አለች። ቺፑ ሲነሳ ማንነቱን ከእሷ ያነባል። ማንበብ ካልቻለ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን መነሻ ቁጥር ይናገራል። ኤቲኤች9ኬ የተባለው ድራይቨር ደግሞ ካርድ የሚመርጠው በቁጥር ነው። የማያውቀውን ቁጥር ዞር ብሎም አያይም። ሪስታርት ስናደርግ ኃይሉ ከካርዱ ላይ አይቋረጥም፤ ስለዚህ የተደናገረ ቺፕ እንደተደናገረ ሊቀር ይችላል። ኃይሉ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ከባዶ ይነሳል። የእኔ የሞተ ባትሪ በየማታው ሳላውቀው ሲያክመኝ ነበር።

ድራይቨሩን ያንን አዲስ ቁጥር በግድ ለማስተማርም ሞክሬያለሁ። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መኪናው አልነሳም። ማንነቱን ያላነበበ ቺፕ ሌላውንም መረጃውን አላነበበም፤ ቁጥር መቀባት ምን ይረባል? አትድከሙበት።

ቅዳሜ ካቻቪቴ ይዤ የኋላ ክዳኗን ከፈትኩ። አቧራውን ብታዩ! የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁ፣ ፍርፋሪውን ጠረግኩ፣ መልሼ ሶኬቱ ውስጥ ጠበቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሁለቱ የአንቴና ገመዶች፣ ጥቁሩና ነጩ፣ የት እንደነበሩ ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። እኔ አላነሳሁም፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ባትሪ ያላት ላፕቶፕ ከሆነች ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡ።

ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ሪስታርት አደረግኳት። ዘጠኙን 002ቢ አለች። ሰባተኛው ላይ ኤፍኤፍ1ሲ። ስለዚህ ላጲሱ ረዳ እንጂ አልጨረሰውም። ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ማብሪያውን ሠላሳ ሴኮንድ ተጭኜ መልሼ ስሰካት ተስተካከለች።

አሁን የቀረኝ ግራብ (ላፕቶፗ ስትነሳ ኡቡንቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ሪስታርት የሚያደርግበትን መንገድ መቀየር ነው፤ ሪቡት የሚለውን መስመር ፒሲአይ ብሎ መሙላት። ባትሪ ልገዛላት ያሰብኩትን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የዚህ ሳምንት ፈተና ሃያ ሪስታርት ነው፤ ደብተሩን ከአጠገቧ አስቀምጫለሁ።