ኮማንደር ጣና ላይ

ፊልም ሥራ ረዳት አዘጋጅ ሆኜ ስጀምር አለቃዬ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «ኮማንደር» ነው የሚላቸው። ያገለገሉት «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ነው፤ አሜሪካ በ1954 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል የሰጠቻት ናት። ምፅዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ ወደ አሰብ፣ ግንቦት 1983 ላይ መርከቦቹ ሲሸሹ ደግሞ ወደ የመን ተሻገሩ። ተውኔት መጻፍ የጀመሩት እዚያ ሥራ ፈትተው በተቀመጡበት ጊዜ ነው።

ጣና ላይ ስንቀርጽ ሁለት ጀልባ ነበረን። አንዱ ላይ ካሜራው፣ ሌላው ላይ ተዋንያኑ። ተዋናይዋ ከፊት ቆማ ደብዳቤ ቀድዳ ትጥላለች። ኮማንደር በሬዲዮ «ሞተሩን አጥፋ» አሉ። እዚያኛው ጀልባ ላይ ሬዲዮ የያዘው ልጅ «እሺ» አለ። ለነጂው ምን እንደነገረው እንጃ፣ ጀልባው ተፈናጥሮ ሄደ። ልጅቷ ወደ ኋላ ወድቃ አብሯት የሚጫወተው ልጅ ላይ ተቀመጠች። ደግነቱ ውኃ ውስጥ አልገባችም።

ወታደር ናቸውና አሁን ይጮኻሉ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን ቀረጻውን አስቁመው ሁለቱን ጀልባ አጠጋጉና ሬዲዮ የያዘውን ልጅ ጠሩት።

«የምልህን መልሰህ በለኝ። ከዚያ ፈጽም። ስትጨርስ ደግሞ ንገረኝ።»

መርከብ ላይ መሪ የያዘው ሰው እንደዚያ ነው የሚሠራው። መኮንኑ «ግራ አሥር» (መሪውን አሥር ዲግሪ ወደ ግራ ማለት ነው) ሲል «ግራ አሥር» ብሎ ይደግማል፣ ያዞራል፣ መዞሩን ያሳውቃል። ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ንፋስ ይነሳበታል። ኮማንደር ግን ልጁንና ነጂውን ደጋግመው አለማመዱ። እኔ የሚጮኽ አዘጋጅ ብዙ አይቻለሁ፤ በጩኸት የተስተካከለ ቀረጻ ግን አላየሁም። (ልማዱ ተውኔታቸውን እንደጎዳው መደበቅ አልችልም። ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ያለውን ሌላው ሳይደግም አያልፍም።)

እንደገና ጀመርን። ኮማንደር ዓይናቸው ሞኒተሩ ላይ ነው።

«ወደ ቀኝ አዙር።»

«ወደ ቀኝ አዙር» አለ ልጁ፤ ትንሽ ቆየና፣ «ኮማንደር፣ በቀኝ እኮ ደንገሉ ውስጥ ልንገባ ነው።»

ቀና ብለው አዩ።

«ወደ ግራ።»

«ወደ ግራ» አለ።