6 ሚሊሜትር የጠፋበት ሪፖርት

ሐዲድ ጥገና ላይ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንድ ጠባብ ኩርባ ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት በሚሊሜትር ለክተን 1437፣ 1439፣ 1441 ብለን ሞልተን ላክን። ሪፖርቱ ከቢሮ ሲመለስ ከላይ እስከ ታች 1435 ሆኗል።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። “ቁጥሮቹን ማን ነካቸው?”

“እኔ ነኝ። ስታንዳርዱ 1435 አይደል እንዴ? 1441 ከየት መጣ?”

“ከሐዲዱ ነዋ ጌታዬ! ከሐዲዱ አናት 14 ሚሊሜትር ዝቅ ብለን፣ ከአንዱ ሐዲድ ውስጠኛ ፊት እስከ ሌላው ውስጠኛ ፊት የለካነው ነው።”

“ወንድሜ፣ 6 ሚሊሜትር ምን ታመጣለች? ዓለም የተስማማበት ቁጥር እኮ ነው።”

ዓለም መቼ ተስማማና! ሕንድ 1676፣ ስፔን 1668 አላት። እንግሊዞች እንኳ መሐንዲሱ ብሩኔል የዘረጋው ሰፊ ሐዲድ ከ1435ቱ ጋር በተገናኘበት ጣቢያ ዕቃ ከፉርጎ ፉርጎ ሲያገላብጡ ኖረው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ስለ ስፋቱ ሕግ ያወጡት። እሱን ግን ተውኩት። ያናደደኝ “ምን ታመጣለች” ያሉት ነው።

የኩርባን የውጭ ሐዲድ የባቡሩ ጎማ ጠርዝ እየፋቀ ይበላዋል። ሐዲዱን የሚይዘው ማሰሪያ ይላላል። ያኔ ስፋቱ ይጨምራል። ባለፈው 1438 የነበረ ቦታ ዛሬ 1441 ካለ፣ በምን ፍጥነት እየከፋ እንደሆነ የሚነግረን ያ ልዩነት ብቻ ነው። ደግሞ ጠባብ ኩርባ ሲሠራ ሆን ተብሎ ሰፋ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ እንዲያ ከሆነ 1441 ጥፋት ላይሆንም ይችላል። 1435 ብለው ከጻፉበት ግን ሁለቱን በምን እንለያለን?

የሶቪየቶችን ነገርኳቸው። ሐዲዳቸው 1524 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጎማውን ሳይነኩ 1520 አደረጉት፤ በጎማውና በሐዲዱ መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ባቡሩ እንዳይዋልል ብለው። ለ4 ሚሊሜትር ያን ሁሉ ሐዲድ አስጠጉ!

ኃላፊው ዝም ብለው ሰሙኝ። “እሺ፣ ቁጥሮቹን መልሳቸው። ግን የበላይ ከጠየቀ ኃላፊነቱ ያንተ ነው፤ ፈርምበት” አሉኝ።

ፈረምኩ። ለመለካት የተሾመ ሰው ለለካው ካልፈረመ ለምን ይፈርማል? ከዚያ ወዲህ የኛ ቡድን ሪፖርት ሁለት ዓምድ አለው። ያለፈው ልኬትና የዛሬው፣ ጎን ለጎን።